ሳይጠጡ የሚሄዱ እንግዶች

አዳዳ ቡዜ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ያየኋት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ያስለቀሳትም ሻይ ነው ብዬ ደመደምኩ። በቂ ምክንያት ነበረኝ። ትሪው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እንደ ሞሉ ተመልሰዋል። እሷ አንዱን ታነሳና ባልዲው ውስጥ ትደፋዋለች፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፣ ከዚያ ሌላውን ታነሳለች። የለፋበት ሻይ ሳይጠጣለት ሲቀር የማያለቅስ ማን ነው?

አዳዳ ማለት በእኛ ቤት የአባት እኅት ናት። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ስላረፈች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ጡጦ የሰጠችኝ፣ ጸጉሬን የሠራችኝ፣ የሰፈር ልጆች ሲመቱኝ ዱላ ይዛ የወጣችልኝ እሷ ናት። ስለዚህ ነገሩን አይቼ እንዳላየሁ ላልፈው አልቻልኩም።

እንግዶቹ የመጡት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነበር፤ በኮታቸው ላይ ነጭ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌዎች። ቁጭ በሉ ሲባሉ አንቀመጥም ብለው ብዙ ቆሙ፤ ይኼ በራሱ አስገርሞኛል። በኋላ ተቀመጡ። አዳዳ ሻይ አቀረበች። ከአባቴ ጋር ዝግ ባለ ድምፅ አወሩ፤ ሻዩን ግን አንዳቸውም አልነኩትም። እኔ በሩ ጋ ቆሜ እንፋሎቱ ሲወጣ አያለሁ። የአዳዳን ሻይ አውቀዋለሁ፤ ከእሳት ወርዶ ቀጥታ ብርጭቆ ውስጥ ነው። "ካላቃጠለ ምኑን ሻይ ሆነ" ባይ ናት። በዚያው ሳምንት የእኔንም ምላስ ልጦታል። እንግዶቹ እስኪበርድላቸው ጠበቁ፣ ጠበቁ፣ ሰዓቱ ሄደባቸውና ተነሡ። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው።

ዛሬ ትልቅ ሰው ነኝና ልታረም። ሽማግሌዎቹን የላካቸው ላፍቶ ላይ ብረታ ብረት የሚሸጥ አንድ ሰው ነው፤ አዳዳን ለትዳር ሊጠይቁ መጥተዋል። ሽማግሌ ደግሞ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባልለት የቤቱን ውኃ እንኳ አይቀምስም። ይህን የማያውቅ አዋቂ የለም፤ ለልጅ ብሎ የሚነግርም የለም። አባቴ ኢታና መልሱን ቀድሞ አዘጋጅቶ ነበር፦ "ሰውየውን ጠልቼ አይደለም። ግን ልጄ ለሊሴ እናት የላትም። ቡዜ ከዚህ ቤት ከወጣች ሁለተኛ እናት ሞተችባት ማለት ነው።" አዳዳ ብረት ሻጩን በዓይኗ አይታው አታውቅም፤ ያስለቀሳት እሱ አልነበረም። መልሱ ነው ያስለቀሳት። ወንድሟ ነገ ለሚመጣውም፣ ከነገ ወዲያ ለሚመጣውም ይችኑ መልስ እንደሚሰጥ ገባት፤ ዕድሜዋ ደግሞ ሠላሳን ተሻግሯል።

እኔ ግን ሐሳቤ ሁሉ ሻዩ ላይ ነበር።

መጀመሪያ በሰላም ሞከርኩ። "አዳዳ፣ ለእንግዳ ሻይ አብርደሽ ስጪ" አልኳት።

"ለብ ያለማ ለጥጃ ነው" አለችኝ።

በዚያ ቤት ጥጃ የሌለበት ንግግር አልነበረም። አባቶቻችን ያረሱት መሬት ላይ ኮንዶሚኒየምና ቪላ ሲበቅል አባቴ ላሞቹን ይዞ ለቡ መብራት ኃይል በሚባለው ሰፈር ግቢው ውስጥ ቀረ፤ ጠዋትና ማታ ወተት እያለበ ለአዲሶቹ ጎረቤቶቻችን ይሸጣል። በሻይ ጉዳይ ደግሞ ከእንግዶቹም የባሰ ነበር። ሻይ ይቀዳለታል፤ ላም እምቧ ትላለች፤ ይወጣል። ሲመለስ "ቡዜ! ይሄ ሻይ ነው ወይስ የጉድጓድ ውኃ?" ይላል። ትኩስ ይቀየርለታል፤ ፉት ይላል። "ቡዜ! ፈጀሽኝ እኮ!" በሁለቱ መሃል ያለችውን ደግ ሰዓት በዕድሜው አግኝቷት አያውቅም። እኔም የሚያስፈልገን ነገር ይኸው ነው አልኩ፤ ያቺን ሰዓት ጠብቆ "አሁን ጠጡ" የሚል ነገር።

ጥያቄዬን ይዤ የሄድኩት ወደ ሳይንስ አስተማሪያችን ወደ ቲቸር ሕዝቅኤል ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከረባቱ ላይ ሁልጊዜ ጠመኔ የማይጠፋ ሰው ነበር። ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ "ሻይ ሳይቀመስ መብረዱ በምን ይታወቃል?" ስል ልጆቹ ሳቁ።

"ጣትሽን ንከሪበታ" አለኝ።

"የእንግዳ ሻይ ውስጥ ጣት አይነከርም፣ ቲቸር።"

ይህን ስል እሱም ሳቁን ተወው። ከጥቂት ቀን በኋላ ቁራሌው ከጣለው የተሰበረ የውኃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያወጣትን ነገር በመሀረብ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ብስኩት የምታክል ነጭ ነገር ናት፤ ከጎኗ ቀይና ጥቁር ሽቦ ወጥቶላታል።

"መብራት ብንሰጣት አንዱ ፊቷ ይሞቃል፣ ሌላው ይቀዘቅዛል። እኛ ግን እንገለብጥባታለን። ሙቀት እንሰጣታለን፣ እሷ መብራት ትሰጠናለች።"

"የባትሪ ድንጋይ አትፈልግም?"

"ድንጋይ አትፈልግም።"

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአባቴን የሬዲዮ ድንጋይ ነክቶ በሰላም ያደረ ሰው በቤታችን አልነበረም። ሐሳባችን እንዲህ ነው፦ ነጯ ነገር ከብረት ኩባያ ሥር ትለጠፋለች፤ ሽቦዎቿ ከመኪና መጫወቻ የነቀልናት ቀይ አምፖል ላይ ይታሰራሉ። ሻዩ ሲፈላ አምፖሏ ትበራለች። ሻዩ ሲበርድ የሚያበራት ስለሚያጣ ትጠፋለች። ቀይ ከበራ አትጠጣ፤ ከጠፋ ጠጣ። ሻዩ ራሱ ስለ ራሱ ይናገራል።

ቲቸር ሥራውን ለመጀመር ከትምህርት በኋላ እኛ ቤት መጣ። በሩን የከፈተችለት አዳዳ ናት፤ ወተት የሞላ ባልዲ ይዛ፣ እጅጌዋን ሰብስባ። ያን ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጦ ስለ ሙቀት ሊያስረዳን ሲሞክር አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ መጨረስ አቃተው። "ሙቀት ማለት… ማለት… ሙቀት ከሞቀው ወደ…" ይልና ጓዳውን ያያል። እኔ ከልቤ አዘንኩለት። ክፍል ውስጥ እንዲያ እየተንቆረቆረ የሚያስተምረው ሰው ለካ መጽሐፉ ፊቱ ከሌለ ምንም አያውቅም! አዳዳም አዝናለት መሰለኝ ሻይ አመጣችለት፤ እሱም ከእሳት የወረደውን ሻይ አንድ ጊዜ ጭልጥ አደረገው። ዓይኑ እንባ ሞላ። "በጣም ጥሩ ነው" አለ። ሻይ መጠጣት የማይችል ሰው የሻይ መሣሪያ ሊሠራልኝ ነው ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ትንሽ ቀረኝ።

አባቴ ለላሞቹ ሣር ተሸክሞ በበረንዳው ሲያልፍ ቆም ብሎ አየን። አስተማሪ ያከብራል፤ እሱ ራሱ ከአራተኛ ክፍል ነው ከብት ለመጠበቅ የወጣው። ቢሆንም "ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፣ መምህር፤ ጊዜህን አታባክን" አለው።

"ግዴለም፣ አቶ ኢታና። ጊዜ አለኝ" አለ ቲቸር። እውነትም ጊዜ ነበረው። ከዚያ በኋላ ያልመጣበትን ቀን እቆጥርልሃለሁ የሚል ካለ ብዙ አይደክምም።

የመጀመሪያዋ መሣሪያ ስታልቅ መጀመሪያ የምትሞከረው በአባቴ ነበር፤ በሌላ ሰው ቢሆን ይቀየመናል። አዳዳ ከእሳት አውርዳ ቀዳች። ቀይዋ አምፖል ቦግ አለች። አባቴ ሣር የያዘ እጁን አፉ ላይ አደረገ። "ድንጋይ የለውም?" አለ። "የለውም!" አልኩ። ተንበርክኮ ከሥር አየ፣ ከጎን አየ። ትንሽ ቆይታ አምፖሏ ጠፋች። "ጠፋች! ጠጣ!" ብዬ ጮኽኩ። አባቴም ልጁን አምኖ ጠጣ።

የጮኸው ጩኸት ላሞቹን አስበርግጓል። ለሁለት ቀን በርበሬ ያለበት ነገር መቅመስ አልቻለም። ሻዩ ገና እየፈላ ነበር።

"ለምን ጠፋች?" ብዬ ቲቸርን ተቆጣሁት።

"ሙቀት ብቻውን ምንም አይሠራም" አለኝ። አሁን ዓረፍተ ነገር መጨረስ ለምዷል። "ላይዋ ሲሞቅ ታችዋም ቀስ እያለ አብሮ ሞቀ። ሁለቱም ፊቷ እኩል ከሞቀ ሥራ የለም። ሙቀቱ የሚሄድበት ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል። ልዩነቱ ነው መብራት የሚሰጠን እንጂ ሙቀቱ አይደለም።"

ዛሬ በሙያዬ የፀሐይ መብራት የምተክል ሰው ነኝ፤ ከብዙ ትልልቅ መጻሕፍት ያነበብኩትን ያህል ያቺ የበረንዳ ትምህርት ጠቅማኛለች። ያን ዕለት ግን አላጠገበችኝም፤ ታችዋን እንዴት እንደምናቀዘቅዝ አልነገረኝማ። "እናስብበታለን፤ አይቸኮልም" አለ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለች አዳዳም ከጓዳ። እነዚህ ሁለት ሰዎች አለመቸኮል ላይ እንዴት እንዲህ እንደሚስማሙ ይገርመኝ ነበር።

ከዚያ የብልሽት ዘመን መጣ። አንድ ነገር እንጠግናለን፤ በማግሥቱ ሌላ ተበላሽቶ ይገኛል። ዛሬ ቀዩ ሽቦ ተነቅሏል፤ ነገ ጥቁሩ ላልቷል። አንዳንድ ቀን ሁለቱም። ማታ አጥብቀን አስረነው ያደረ ሽቦ ከሰዓት ወልቆ ተንጠልጥሎ ይጠብቀናል። ቲቸር መጥቶ ያያል፣ ራሱን ያካል፣ ወደ ጓዳ ይመለከታል፣ ብቻውን ፈገግ ይላል። ሰውዬው በድካም ሊያብድብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

እኔ የጠረጠርኩት አውራ ዶሮውን ነው። በረንዳ ላይ የሚንጎራደድ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ካየ የሚቆነጥር ባለጌ ነበር። አባቴ ዘንድ ከሰስኩት፤ ታሰረልኝ። ታስሮም ሽቦው ተነቀለ። ገመዱን እየፈታ ነው አልኩ። ለበዓል ሲታረድ ቅንጣት አልራራሁለትም፤ እንዲያውም መላላጫውን ለእኔ ስጡኝ ብያለሁ።

ነፍሱን ይማረው፤ ንጹሕ ነበር። ጠዋት ጠዋት እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ አንዷን ሽቦ የምትነቅለው አዳዳ ቡዜ ናት። ከሰዓት ደግሞ ቲቸር ሊሄድ ሲል ደህና ሁኑ እያለ ሌላዋን ያላላታል። ሁለቱም ለየብቻ፣ ሁለቱም ሳይነጋገሩ። መሣሪያው ካለቀ ቲቸር በዚያ በር የሚገባበት ምክንያት አብሮ እንደሚያልቅ ሁለቱም ያውቁ ነበር። እሱ አንድ ብልሽት አስቀምጦ ሄዶ ሁለት ብልሽት ሲያገኝ ነው አዳዳም እንደምትወደው የገባው። ይህን የነገሩኝ የራሴን ሠርግ ደግሼ ቁጭ ባልንበት ቀን ነው፤ ለዶሮው ሲሉ ቀደም ብለው ሊነግሩኝ ይገባ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ቲቸር የፈተና ወረቀት የሚያርምበት ቀን ሆነና ቀረ። እኔ በረንዳው ላይ ብቻዬን ተክዤ ተቀምጫለሁ። አዳዳ የታለበውን ወተት በጣሳ አድርጋ ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ስታስቀምጥ አየኋት። ዘወትር የምታደርገው ነው፤ ወተቱ እስኪሸጥ እንዳይበላሽ። ዘወትር አየዋለሁ። ያን ቀን ግን ዘልዬ ተነሣሁ። ቲቸር ቀዝቃዛ ቦታ ጠፍቶበት ሰንብቷል፤ ቀዝቃዛው ቦታ እኮ ግቢያችን ውስጥ ነበር!

ጠፍጣፋ የቆርቆሮ ክዳን ፈለግኩ፤ ነጯን ነገር ከታችዋ በእሱ ላይ ለጠፍኩ፤ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ ሞልቼ ክዳኑን አስቀመጥኩበት። ሽቦዎቹን በደንብ አሰርኩ። ከዚያም ከዶሮው ዘመዶች ለማዳን ብዬ አልጋዬ ሥር ደበቅኩት። ማንም አላየኝም፤ ስለዚህ ማንም አልነቀለውም።

ሰኞ ቲቸር ሲመጣ ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰብስቤ አወጣሁት። ሻይ ተቀዳ፤ አምፖሏ ቦግ አለች፤ ቆየች። አባቴ ከሩቅ ቆሟል፤ ምላሱ አልረሳም። ቆየች፣ ቆየች፣ ደበዘዘች፣ ጠፋች። ማንም እሺ ስላላለኝ ራሴ ፉት አልኩ። ከዚያ አባቴ ቀመሰ። ዓይኑን ጨፈነ። ሌላ ፉት አለ።

"ለካ ሻይ ይጣፍጣል" አለ።

አቅፎ ወደ ላይ አነሣኝ። እኔ በአባቴ ትከሻ ላይ ሆኜ የቀሩትን ሁለቱን አየኋቸው፤ ለቅሶ ቤት የተቀመጡ ይመስላሉ። "ጎበዝ፣ ሊስዬ" አለች አዳዳ። ቲቸር አምፖሏን ትክ ብሎ እያየ "በቃ… አለቀ ማለት ነው?" አለ። ቅናት ነው አልኩ በልቤ። ተማሪው በለጠችው።

አባቴም እንደ ወጉ "እንግዲህ መምህር፣ ደከምክልን። እግዜር ይስጥልን" ብሎ ጨበጠው፣ እስከ በሩ ሸኘው፣ በሩን ዘጋው። አዳዳ ሻዩን እንደ ያዘች ቆማ ቀረች።

በዚያ ሳምንት ቲቸር ከክፍል ሲያስወጣን እኔን አስቀረኝ። ከረባቱን እያስተካከለ "እሑድ ቤታችሁ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ" አለኝ። "ሻዩን አደራ፣ ለሊሴ።" ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ፈጠራዬን ሊያዩ የሚመጡ ባለሥልጣኖች ናቸው። የበዓል ቀሚሴን ራሴ አጠብኩ።

እሑድ መጡ፤ ኮትና ጋቢ። ከፊት ኦቦ ኮርሳ ነበሩ፤ ከፉሪ ድረስ የመጡ፣ አባቴ እንኳ ሲያያቸው ከመቀመጫው የሚነሣላቸው የአገር ሽማግሌ። ቀጥለው የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ከበበው። የመጨረሻው ደግሞ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር! ጥርጣሬ ከነበረኝ እሱም ጠፋ። አሁንም አንቀመጥም ብለው ቆሙ። አሁንም አባቴ ለምኖ አስቀመጣቸው። ፊቱ ግን ጨልሟል፤ ሰዎቹ ለምን እንደ መጡ ጋቢያቸውን ሲያይ ገብቶታል።

አዳዳ ትሪውን ሰጠችኝ። "እኔ አልገባም፤ አንቺ ውሰጂው" አለችኝና መጋረጃው ጀርባ ቀረች። ለሁሉም ቀዳሁ። መሣሪያዬን ከነሳህኑ ኦቦ ኮርሳ ፊት ዱካ ላይ አኖርኩት፤ የእሳቸው ሻይ በብረት ኩባያው ነው። ቀይዋ በራች።

አቶ ከበበው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። "ይሄ የሚፈነዳ ነገር አይደለም አይደል?"

"ቀዩ ሲበራ አይጠጣም፤ ሲጠፋ ይጠጣል" ብዬ ያጠናሁትን ንግግር ጀመርኩ። "ድንጋይ የለውም፤ የሚሠራው በሻዩ…"

"ሊሴ፣ ወደ ጓዳ" አለ አባቴ።

እስከ በሩ ብቻ ሄድኩ። ኦቦ ኮርሳ መናገር ጀመሩ። ስለ መልካም ቤት፣ ስለ ጥሩ ዘር፣ ስለ አንድ ጨዋ ልጅ አወሩ። ርዕሰ መምህሩም ስለዚያው ልጅ መሰከሩ፤ አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ሥራ አይቀርም። እኔ ምን አገባኝ፤ ዓይኔ አምፖሏ ላይ ነው።

አባቴ ጉሮሮውን ጠራረገ። "ክቡራን፣ መምህሩን አልጠላሁትም። በረንዳዬ ላይ አይቼዋለሁ፤ ሰው ነው። ግን አንድ ዓይና በአፈር አይጫወትም። እኔ ያለችኝ እኅት አንድ ናት፤ ይቺም ልጅ" አለና ወደ እኔ ጠቆመ፣ "ያለቻት እናት እሷው ናት። እሷን ሰጥቼ ይቺን ምን ልበላት? ስታለቅስ በምን ላባብላት?"

በዚህ ጊዜ አምፖሏ ጠፋች።

"ጠፋች! አሁን ጠጡ!" አልኩ።

አቶ ከበበው ጣሪያውን ቀና ብለው አዩ። "መብራት ሄደ እንዴ?"

"የሻዩ ናት! በረደ፤ ጠጡ እንጂ!"

ማንም እጁን አልዘረጋም። ያችን ደግ ሰዓት ቆጥሬ፣ ሠርቼ፣ አብርቼ፣ አጥፍቼ አምጥቼላቸው አይነኩትም! የባለፈው ነገር ሊደገም ነው። ባልዲው ታየኝ። ሮጬ ኦቦ ኮርሳ ጉልበት ሥር ቆምኩ።

"አባባ፣ ይቀዘቅዛል እኮ! ለምን አይጠጡም?"

ሽማግሌው ራሴን ዳበሱኝ። "አባትሽ እሺ ሳይለን አንጠጣም፣ ልጄ።"

ነገሩ ይኸው ነው? ወደ አባቴ ዞርኩ። "አባዬ፣ እሺ በላቸዋ!"

"ሊሴ፣ ዝም በይ።"

"እሺ በላቸው! ሳይጠጡ ከሄዱ አዳዳ ታለቅሳለች!"

አባቴ ቀስ ብሎ "ማን ነው የሚያለቅሰው?" አለ።

"አዳዳ ናት! ባለፈው እንግዶቹ ሳይጠጡ የሄዱ ጊዜ ጓዳ ውስጥ ሻዩን አንድ በአንድ እየደፋች አለቀሰች። እኔ አይቻታለሁ። እንደገና እንዳታለቅስ ብዬ ነው ይሄን ሁሉ የሠራሁት!"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ አብሯት እየኖረ አባቴ እኅቱ ማልቀሷን አልሰማም ነበር። ወደ መጋረጃው ተመለከተ። ከመጋረጃው ሥር የአዳዳ ጫማ ይታያል።

"ቡዜ" አለ። ጫማው አልተንቀሳቀሰም። "ቡዜ፣ እውነቷን ነው?"

ከመጋረጃው ጀርባ አፍንጫ የመጥረግ ድምፅ መጣ። አባቴ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም ነበር።

"ኦቦ ኮርሳ" አለ፣ "እኔ ልጄ ታለቅሳለች ብዬ ፈራሁ። በቤቴ ሌላ የሚያለቅስ ሰው አለ ብዬ አንድ ቀን አላሰብኩም።" አንገቱን ደፋ። "እሺ። ሰጥቻለሁ።"

ሽማግሌዎቹ ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ምርቃቱ ወረደ። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ እልልታ ተሰማ፤ ጎረቤታችን ወይዘሮ ውዳሴ ናቸው፤ ለካ ጆሯቸውን አጥሩ ላይ ለጥፈው ቆይተዋል። እኔ ስለ መሣሪያዬ ይህን ያህል እልልታ ይገባል ብዬ ስላልጠበቅኩ ትንሽ አፈርኩ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ኩባያና ብርጭቆ ሲያነሡ ሳይ ደነገጥኩ።

"አይ! አይ! አሁንማ ቀዘቀዘ! አለፈው እኮ!"

ኦቦ ኮርሳ ያንን የበረደ ሻይ እስከ አተላው ጨለጡትና አፋቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። "ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ የጣመኝ ሻይ የለም" አሉኝ። የዋሹኝ መስሎኝ ነበር።

እሺ የተባለው ምን እንደ ሆነ የገባኝ አዳዳ ልብሶቿን ሻንጣ ውስጥ ማጣጠፍ ስትጀምር ነው። "የት ልትሄጂ ነው?" አልኳት። ነገረችኝ። ያለቀስኩትን ለቅሶ እሷም ከዚያ በፊት አላለቀሰችውም። መሬት ላይ ተንከባለልኩ። አታለሉኝ አልኩ፤ ቲቸርን ሌባ አልኩት፤ ሻንጣው ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። እሷ እያለቀሰችም እየሳቀችም "አንቺው አይደለሽ እሺ በላቸው ያልሽው?" ትለኛለች። ሰው ሻይ ጠጡ ስላለ እናቱ ትወሰድበታለች? የዚያን ሳምንት ያህል ዓለም የጠበበኝ ጊዜ ከዚያ ወዲህ የለም።

የሠርጉ ቀን መኪኖቹ አበባ ለብሰው መጡ። አዳዳ ነጭ ለብሳ አባቴን ጉልበቱን ስትስም አባቴ መሀረቡን አወጣ፤ መሀረቡ አልበቃው ሲል በኮቱ እጅጌ ተጠቀመ። መኪኖቹ ክላክስ እያሰሙ ወጡ። በለቡ ዞረው ወደ ላፍቶ፣ ከላፍቶ ወደ ፉሪ እየጨፈሩ ሲሄዱ ድምፁ ጠፋብን። እኔና አባቴ ባዶ በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ "ምን ልበላት ብዬ ነበር፤ ይኸው ምንም የምልሽ የለኝም" አለኝ።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ክላክሱ ተመልሶ መጣ። እየቀረበ መጣ። መኪኖቹ ወደ እኛ መንደር ታጠፉ፣ በራችንን አልፈው ወይዘሮ ውዳሴ በር ላይ ቆሙ። ከነጩ መኪና ውስጥ አዳዳ ቡዜ ቀሚሷን ሰብስባ ወረደች፤ ቲቸር ከኋላዋ ቁልፍ ይዞ። የወይዘሮ ውዳሴን የጓሮ ቤት የተከራዩት በሠርጉ ሳምንት ነው። ከአባቴ በቀር ትልልቆቹ በሙሉ ያውቁ ነበር፤ አዳዳ ናት እንዳይነገረው ያደረገችው። "እሱም ለቅሶዋን አንድ ቀን ይቅመሳት ብዬ ነው" ትላለች እስከ ዛሬ።

አባቴ ኮፍያውን በእጁ እንደ ያዘ አጥሩ ጋ ሄደ። ዓይኑ ገና ቀይ ነው። ከአጥሩ በላይ አንገቱን አሰግጎ አያት።

"ቡዜ፣ ምነው ተመለስሽ?" አለ። "የረሳሽው ነገር አለ እንዴ?"

"አዎ፣ ጋሼ" አለች አዳዳ፣ በአጥሩ ላይ ሁለት እጇን ዘርግታ። "ሊሴን አቀብለኝ።"

አባቴም ከብብቴ ሥር ይዞ አነሣኝና አቀበላት።